የታንክ ሊብሬ

የሰው ዕቃ የእኔ ነው ብሎ ድርቅ ከማለት ይልቅ የራስን ዕቃ የእኔ ነው ብሎ ማስረዳት ሳይከብድ አይቀርም። የጫማችሁ ደረሰኝ አላችሁ? እኔም የለኝም። ደግነቱ እስካሁን መንገድ ላይ አስቁሞ «ይህ ጫማ ያንቺ ለመሆኑ ማስረጃሽ የታለ?» ያለኝ የለም። ጋሼ ታደሰን ግን ጠየቋቸው። ያውም የታንክ ማስረጃ።

አዎ፣ ታንክ። ባለ ሰንሰለቱ። እኔም ስሰማ እንደናንተው ነው የሆንኩት።

ጋሼ ታደሰ ዶቨር የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ምድር ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ሰባን ተሻግረዋል። በወጣትነታቸው አገር ቤት የታንክ ሹፌር ነበሩ፤ እዚህ ፈረንጅ አገር ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ጋራዥ ሠርተዋል። ከከተማው ውጭ፣ ከቸስተርሚር ወዲያ እርሻ ያለው አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ የዚህ አገር ጦር አያስፈልገኝም ብሎ የሸጠውን አሮጌ ታንክ ገዝቶ መጋዘኑ ውስጥ አቁሞት ነበር። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄዱ ስድስት ዓመት ሙሉ ሞተሩን አብረውት ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖሩ። ሽማግሌው ሲሞት ኑዛዜው ላይ «ታንኩ ለታደሰ» የሚል ተገኘ።

እርሻውን የወረሰው የወንድሙ ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም። «ደስ ባለኝ፤ ግን አጎቴ ራሱ ባለቤቱ ለመሆኑ ወረቀት የለም። እርሻው ሊሸጥ ነው። ወረቀቱ በአንድ ወር ካልተገኘ ታንኩ ተቆራርጦ ለብረት ይሄዳል» አላቸው።

አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ ማርቲንዴል የሚባል ሰፈር አጠገብ የመኪና ሊብሬ የሚያወጡ ሰዎች ጋ ሄድን። ልጅቷ ፎርሟን እያየች «ስንት በር አለው?» አለች። «በር የለውም፣ ክዳን ነው ያለው» አሉ ጋሼ። ፎቶውን ስታይ «ይሄማ መሣሪያ ነው፣ ፖሊስ ጋ ሂዱ» አለችን። ፖሊሱ ፎቶውን ተቀብሎ «አፈሙዙ ተበይዷል። የማይተኩስ መሣሪያ አይባልም፣ መኪና ነው» ብሎ መለሰን። ልጅቷ ደግሞ መንገድ ላይ የማይነዳ መኪና አይባልም አለች። ለጦሩ ጻፍን፤ የታንኩን መለያ ቁጥር ካላወቅን መዝገብ አናይም የሚል መልስ መጣ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ራሴ ታንኩ መኖሩን መጠራጠር ጀመርኩ።

«ቁጥሩ ብረቱ ላይ የት እንደሚመታ አውቃለሁ» አሉ ጋሼ አንድ ቅዳሜ።

መጋዘኑ ስንደርስ ካፖርታቸውን አስይዘውኝ በክዳኑ ገቡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማኛል። ከዚያ የሽቦ ብሩሽ ድምፅ፣ ከዚያ ቁጥር። አንድ በአንድ ጮኸው አነበቡልኝ፣ ጻፍኩ። ጦሩ በቁጥሩ ፈልጎ የሽያጩን ወረቀት ላከልን፤ የሽማግሌው ስም ስላለበት ኑዛዜው ጸና። ወረቀቱ ግን ታንክ አይልም፤ «ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪ፣ የማይሠራ» ነው የሚለው። ጋሼ ንብረቱ የእርስዎ ነው ከመባላቸው ይልቅ ታንኩ «የማይሠራ» መባሉ ከነከናቸው። «ይሠራል እኮ!» አሉኝ።

አዲሱ የእርሻው ገዢ ታንኩ ኢንሹራንስ ካለው እዚያው ይቁም አለ። ኢንሹራንስ ድርጅት ደወልኩ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

ሴትዮዋ «ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ተሽከርካሪ በእጃቸው ነበር?» አለች።

«ነበረኝ በያት» አሉ ጋሼ።

«ምን ሆነ? ትላለች» አልኳቸው።

ጋሼ ጠረጴዛውን በጣታቸው እየዳበሱ ነገሩኝ። «ፈርሜ የተረከብኩት ነበር። አገር ቤት ጦሩ ሲበተን ነዳጅ አለቀብኝ። መንገድ ዳር አቁሜው በእግሬ ሄድኩ። ይጠይቁኛል፣ ምን ብዬ እመልሳለሁ ስል ይኸው እስከ ዛሬ። የጠየቀኝ የለም። ይቺ የመጀመሪያዋ ናት።»

ይህን እንዴት ብዬ ልተርጉመው? 

«ፓርክ አድርገውት ነው» አልኳት።

ስትጽፍ ይሰማል። «ያኔስ ኢንሹራንስ ነበረው?» አለችኝ።