ኳስ ያልነካው ግብ ጠባቂ

ሱቄ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ደብተሩን አይደለም። እስክሪብቶውንም አይደለም። ከጽሕፈት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ወረቀት ነው። በመስታወት አስገብቻታለሁ። ዳርዳሯን ምስጥ ቢቀምሳትም ማኅተሟ እስካሁን ይነበባል። «በአውራጃው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዋንጫ ጨዋታ አንድም ጎል ላልገባበት ኮከብ ግብ ጠባቂ» ትላለች። ከሥሯ የኔ ስም አለ። ሰው ወረቀቷን ያነባል፣ ከዚያ እኔን ያያል፣ ከዚያ ሆዴን ያያል። አልፈርድበትም።

ወረቀቷ አትዋሽም። በዚያ ጨዋታ አንድም ጎል አልገባብኝም። ኳስም አልነካሁም። ተጋጣሚም አልነበረም። ይኼ ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋታ ነው ትሉ ይሆናል። እንግዲህ ስሙኝ፤ ለማንም ያላወራሁትን ነው የማወራችሁ፤ ከአንድ ሰው በስተቀር። እሱንም በመጨረሻ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ የዛሬዋ ጭሮ አሰበ ተፈሪ ስትባል፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ። ጥቅምት የትምህርት ቤታችን ወር ነበር። መስከረምን በምዝገባና በወንበር ፍለጋ እንፈጀዋለን። ጥቅምት ሲገባ ግን ተማሪው ሁሉ የሆነ ነገር ይሆናል። አንዱ የኪነት ቡድን ገብቶ ክራር ይነካካል። አንዱ ጥያቄና መልስ ልወዳደር ብሎ የዓለም ዋና ከተሞችን ሲያነበንብ ይውላል። አንዷ የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ግጥም ትለጥፋለች። ምንም መሆን ያቃተው ደግሞ የእርሻ ክበብ ገብቶ ጎመን ያጠጣል። ዳይሬክተራችን ጓድ መኮንን ይህን ሁሉ እየመዘገቡ «የክንውን ሪፖርት» ብለው ወደ አውራጃው ይልካሉ። ለእሳቸው ያልተመዘገበ ነገር አልተከናወነም። የተመዘገበ ደግሞ፣ ባይከናወንም፣ ተከናውኗል።

የእግር ኳስ ቡድናችን ብቻ ለሪፖርት የሚሆን ነገር አልነበረውም። በየዓመቱ ለዋንጫ ከገለምሶ ጋር እንገናኛለን፤ በየዓመቱ ተሸንፈን ወደ ክፍላችን እንመለሳለን።

ይህን ያዩ አንድ ሰው ነበሩ፤ የእርሻ መምህራችን መምህር ዘውዴ። ዘመኑ «ትምህርት ለምርት» የሚባልበት ነው። እኛ ልምምድ ስንሠራ እሳቸው ከጎል እስከ ጎል በእርምጃ እየለኩ ማስታወሻ ይይዛሉ። አንድ ቀን የሜዳውን መሐል አፈር በጣታቸው ፈርክሰው ሲያሸቱት አገኘናቸው። ለድንች የሚሆን አፈር ነው አሉን። እኛስ የት እንጫወታለን ብንላቸው ያዘኑልን መሰሉ። ድንቹ ከተነሣ በኋላ ትጫወታላችኋ አሉ።

ጓድ መኮንን ነገሩን የቆረጡት በባንዲራ ሰልፍ ላይ ነው። «ዘንድሮ ዋንጫው ካልመጣ ሜዳው ይታረሳል» አሉ። በዚህ አበቁ። ከእሳቸው አፍ አጭር ንግግር ስንሰማ የመጀመሪያችን ስለሆነ ሁላችንም አመንን።

ያ ሜዳ ለኛ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ሣር አልነበረውም። አንደኛው ጎል ወደ ቁልቁለቱ ስለሆነ ኳስ ካመለጠች ለመመለስ አንድ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ግን ያኔ በከተማው ውስጥ ስብሰባ የማይጠራበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ቀበሌው ስብሰባ፣ ማኅበሩ ስብሰባ፣ ክፍሉ ስብሰባ። ሜዳው ላይ ግን ሰው እንደፈለገው ይጮሃል፤ የሚጽፍበት የለም። እሱን አርሰው ድንች ሊተክሉበት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

በዚህ ላይ ግብ ጠባቂያችን ከድር አክስቱን ሊጠይቅ ሚኤሶ ወርዶ ወባ ይዞ ተመለሰ። የስፖርት መምህሩ የቀረነውን አሰልፈው ካዩን በኋላ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። አንተ ቁመት አለህ አሉኝ። ቁመት ነበረኝ። ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ገለምሶዎች ደግሞ ቶፊቅ የሚባል አጥቂ ነበራቸው። ባለፈው ዓመት የመታት ኳስ ከድርን አልፋ፣ ጎሉን አልፋ፣ ከኋላ የታሰረች የውሃ አህያ ጎኗን አገኘቻት። አህያዋ ውሃዋን እንደጫነች እስከ ገበያ ድረስ ሮጠች። ከዚያ ወዲህ ባለቤቷ በትምህርት ቤቱ በኩል ልውሰድሽ ቢላት አሻፈረኝ አለች ይባላል። እኔ የምቆመው እንግዲህ ከድር በቆመበት ነው። አህያዋ እንኳን ከፊቷ ከድር ነበረላት፤ ከእኔ ፊት ግን ማንም የለም።

የጨዋታው ቀን ጠዋት ከገለምሶ ስልክ ተደወለ። የእነሱ ዳይሬክተር በሰዓት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። አውቶቡስ ደግሞ ደስ ባለው ሰዓት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልጆቹን በጫት መኪና ላይ አሳፍረዋቸዋል።

የጫት መኪና ለማታውቁ ላስረዳ። ጫት ይጠወልጋል። ከተቆረጠ ጀምሮ ዕድሜው እያጠረ ነው። ድሬዳዋ ነጋዴው እያቁነጠነጠው ይጠብቃል። ስለዚህ የጫት ሹፌር አይቆምም። ከብት ቢያቋርጥ አይቆምም፣ ዝናብ ቢወርድ አይቆምም፣ የገዛ እናቱ መንገድ ዳር ቆማ ብትጠራው ከመስኮት ሰላም ብሏት ያልፋል። የሚያቆመው የኬላ ገመድ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ጡሩምባውን ከሩቅ ሲያሰማ ይወርድለታል። የቀረጡ ወረቀት ከአንድ እስር ጫት ጋር ተጠቅልሎ በመስኮት ለኬላ ጠባቂው ይወረወራል፤ በቃ።

ስለዚህ ሰው ቀድሞ ኬላው ላይ ተገኝቶ፣ ዛሬ ገመዱ አይውረድ፣ እንግዶቻችን አሉበት ማለት አለበት። ጓድ መኮንን ዙሪያቸውን አዩና እኔን ጠሩኝ። ቁመት ስላለህ ከሩቅ ትታያለህ አሉኝ።

የኬላው ጠባቂ አው ሙሜ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ ነበሩ። ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የገመዱን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠምጥመዋል። ጡሩምባ ሲሰሙ ሳይነሡ ይለቁታል። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት፤ ወላጆቼን እላችኋለሁ፣ ልነግራቸው ነበር። መንገድ ላይ ግን አህያዋ ትዝ አለችኝ። ቀጥሎ ድንቹ ትዝ አለኝ። እንዲህ እያልኩ አጠገባቸው ደረስኩ።

«ኢልመ ኮ፣ ምን ልከውህ ነው?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ሰላም ልልዎት ብዬ ነው፣ አው ሙሜ።»

ሽማግሌው ልባቸው ተነካ። በዚህ ዘመን ሽማግሌ ሰላም ልበል ብሎ ከትምህርት ቤት ድረስ የሚመጣ ልጅ አለ ወይ አሉ። ከድንጋያቸው ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «ረቢ ሲ ሃ ጉዲሱ» ብለው መረቁኝ። ፈጣሪ ያሳድግህ ነው። አንገቴን ደፍቼ አሚን አልኩ። እሳቸው ከትሕትና መሰላቸው።

ጡሩምባው ተሰማ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩ። ገመዱ ወረደ።

መኪናው እንደመጣ አለፈ። እስሩ ጫት አው ሙሜ ጭን ላይ አረፈ። ከጫቱ ክምር በላይ ሰማያዊ ማልያ የለበሱ ልጆች የጋቢናውን ጣራ በሁለት እጃቸው ይደበድባሉ። ቶፊቅ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። አየኝ። እጁን ከራሱ በላይ አድርጎ አወናጨፈ። እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጄን አንስቼ አውለበለብኩለት። ልክ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው፣ በአቧራው ውስጥ እስኪጠፉ ድረስ አውለበለብኩ። አው ሙሜ ልጆቹ እነማን ናቸው አሉ። ጫኞች መሰሉኝ አልኳቸው።

ስመለስ ጓድ መኮንን መልእክቱን አደረስክ ወይ አሉኝ። ከአው ሙሜ ጋር በደንብ ተነጋግረናል አልኳቸው። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዙሪያውን በሰው ሞላ። ኪነቱ ዘፈነ፣ ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ፣ ገለምሶ የለም። መምህር ዘውዴ በአንድ ጥግ ቆመው የመጣውን መኪና ሁሉ በተስፋ ያያሉ። ደንቡ የሚፈቅደው ግማሽ ሰዓት አለቀ። ሆኖም ዳኛው ሕግ አክባሪ ነበሩ። ዝም ብሎ ዋንጫ አይሰጥም፤ ሜዳ ግቡ፣ ኳሷን ባዶው ጎል ውስጥ አግቡ አሉ። እኔም በጎሌ ቆምኩ። አጥቂያችን ኳሷን ብቻውን እየነዳ ሄደ፣ ሄደ፣ ባዶው ጎል ፊት ደረሰ፣ መታት፤ ከአግዳሚው በላይ ወጣች። ሕዝቡ ራሱን ያዘ። መምህር ዘውዴ ፈገግ ሲሉ ከሩቅ አየኋቸው። በሌለ ቡድን ልንሸነፍ ነው አልኩ። ሁለተኛዋን ግን በእጁ ሊያስቀምጣት ምንም ሳይቀረው፣ ቀስ ብሎ፣ በእግሩ ጫፍ ገፍቶ አስገባት። አሸነፍን።

ወሬው በማግስቱ መጣ። ልጆቹ ድሬዳዋ ናቸው። የስፖርት መምህራቸው ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ሲቅሙ ምርቃናው ከፍ ብሎባቸው፣ የጨዋታውን ስልት እያስረዱ አሰበ ተፈሪን ሳያይዋት አልፈዋል። ጓድ መኮንን ይህን ሲሰሙ ሰልፍ አስቁመው ስለ ሰዓት አክባሪነት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተናገሩ። ድል ሰዓት ለሚያከብሩ ናት፣ ገለምሶዎች ተዘናግተው ቀሩ አሉ። ገለምሶዎች እኮ ከጨዋታው ሁለት ሰዓት ቀድመው፣ በአገሩ ፈጣን በሆነው መኪና ነው ያለፉት። ማን ይናገር? ዋንጫው ቢሮ ገባ፣ ክንውኑ ሪፖርት ላይ ገባ፣ ለእኔም ወረቀቷ ተሰጠችኝ። መምህር ዘውዴ ድንቹን ከመምህራን መጸዳጃ ጀርባ ተከሉት። ደግሞ ጥሩ ያዘ።

ሜዳው ተረፈ፤ እኔ ግን አፈርኩ። አው ሙሜ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል። ለሰው ያሳዩኛል፤ ይኸውላችሁ ሽማግሌ አክባሪው ልጅ ይላሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያ ኬላ ላለማለፍ ስንት ጊዜ በጀርባ በኩል ዞሬአለሁ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው መስከረም አንድ ራሰ በራ ሰው ለልጁ ደብተር ሊገዛ ሱቄ ገባ። ወረቀቷን አነበባት። ደግሞ አነበባት። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ኬላው ላይ ያውለበለብክልን ረጅሙ ልጅ አንተ ነህ?» አለኝ።

ቶፊቅ ነበር። እኔም ለዓመታት የቆለፍኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። ከድንቹ እስከ ምርቃቱ አልቀረኝም። ይቅርታ በለኝ፣ ማቆም ስችል አላቆምኳችሁም አልኩት። ሰውየው ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ወላሂ፣ እኛ ሹፌሩን ከበዴሳ ጀምሮ አደራህን አትቁም ስንለው ነው የመጣነው። ባቡር አይተን አናውቅማ። ጣራውን የደበደብነው እየጨፈርን ነው። አንተ ስታውለበልብ፣ አላህ ይስጠው፣ መቆም እንዳልፈለግን ገባው አልን።»

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ቀኝ እግሩን አህያ ረግጣው ኖሯል። ኳስ መምታት ቀርቶ ጫማውም በግድ ነበር የገባለት። ሊያሸንፉን እንደማይችሉ ስለሚያውቁ ነው ድሬዳዋ የናፈቀቻቸው። አስቡት እንግዲህ። ገመዱ ባይወርድ ኖሮ በላባችን እናሸንፍ ነበር፤ እኔም ምናልባት አንዷን ኳስ እይዝ ነበር። እነሱ ባቡር አዩ፣ ሦስት ቀን ድሬዳዋ ዋሉ። እኔ ወረቀት ደረሰኝ። አሳቀኝም፣ አናደደኝም።

ቶፊቅ እንባውን ጠርጎ የጽሕፈት መኪናዬን አየ። ይሠራል ወይ አለ። ይሠራል አልኩ። እኔስ በዚያ ቀን መቼ ሳትኩ አለኝ። ወረቀት ከነካርቦኑ አስገብቼ ጻፍኩለት፤ «በአውራጃው የዋንጫ ጨዋታ ወደ ጎል ከመታቸው ኳሶች አንዱንም ላልሳተ ኮከብ አጥቂ»። ማን ይፈርምበታል ቢለኝ የዓይን ምስክር ብዬ ራሴ ፈረምኩ።

ዋናውን ይዞ ሄደ። ግልባጩን ከኔዋ ጎን ሰቅዬዋለሁ። አሁን ደብተር ሊገዙ የሚመጡ እናቶች ሁለቱንም ካነበቡ በኋላ ልጆቻቸውን ትከሻቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ያዞሯቸዋል። አያችሁ፣ የለፋ ሰው መጨረሻው እንዲህ ነው ይሏቸዋል። ልጆቹ አንጋጠው ያዩኛል። እኔም ደብተራቸውን እየጠቀለልኩ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት እንደሆነ ድሮም እችልበታለሁ።