ባሕር ዳር ሜዳ መሆኑን የረሳሁበት ቀን

ጊዜ ካላችሁ ቁጭ በሉ። የማወራችሁ ነገር ጊዜያችሁን አያስቆጭም፤ ቢያስቆጭም መኪና የምትገዙ ዕለት ይክሳችኋል። ለቤተሰብ ሁለተኛ መኪና እንዴት እንደሚመረጥ ነው የምነግራችሁ። ዛሬ ተገዝታ ነገ ስለምትሸጥ መኪና አይደለም። ልጅ የሚያድግባት፣ አድጎም መንጃ ፈቃድ የሚያወጣባት መኪና ማለቴ ነው።

«አንተ ደግሞ መኪና ከየት አውቀህ?» ትሉኝ ይሆናል። ደግ ጥያቄ ነው። ጋራዥ አልሠራሁም፤ የሞተር ትምህርትም አልተማርሁም። መጽሐፍ ግን ነበረኝ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ከገጽ አሥራ አንድ የሚጀምር የእንግሊዝኛ የመኪና መጽሐፍ። መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ አንድ ክረምት ሙሉ አነበብሁት። ካንዴላ ምን እንደሚሠራ፣ ፍሪሲዮን ለምን እንደሚሸት፣ ነጭ ጭስና ጥቁር ጭስ ምን ምን እንደሚናገሩ ዐወቅሁ። ያወቅሁትንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳሁ። ከገጽ አሥራ አንድ በፊት ምን ተጽፎ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ለመሆኑ ሁለተኛ መኪና ለምን አስፈለገን? ዘመኑ እኮ አንድ መኪና ያለው ሰው እንኳ ጎረቤት ሲያይ አንገቱን የሚደፋበት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ በዘይት ፋብሪካ ኑግ ገዢ ነው፤ በየጥዋቱ ቮልሷን አስነሥቶ ወደ ወረታ በኩል ይሄዳል። እማዬ ደግሞ ነርስ ናት፤ ክሊኒኳ ጢስ ዓባይ ነው። አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዷ ወደ ደቡብ። እማዬ ሰኞ በጭነት መኪና ተሳፍራ ትሄድና ቅዳሜ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። እኛ ትልልቆቹ ለምደነው ነበር። ትንሿ እህታችን ሰላም ግን አራት ዓመቷ ነው። የጢስ ዓባይ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬን እስከ ቤት ሲሸኙ «ሲስተር» እያሉ ሲጠሯት ሰማች። አንድ ቅዳሜ በሩ ሲንኳኳ ሮጣ ከፈተችና ወደ ጓዳ ዞራ፣

«ሲስተር መጥተዋል!» ብላ ተጣራች።

«መጥተዋል» ነው ያለችው። እናቷን በአንቱታ። እኛ ሳቅን። እማዬም ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ልትታጠብ ገባችና ከወትሮው ቆየች። አባባ የዚያን ዕለት ማታ «እናትሽ በየቀኑ እቤቷ የምታድርባት መኪና እንፈልጋለን» አለ። የተናገረው ለሰላም ነው፤ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ። መጽሐፌን ከመደርደሪያ አወረድሁ።

ይህ ሁሉ የሆነው ቤንዚን በኩፖን ከመሆኑ በፊት መሆኑን እያሰባችሁ ስሙኝ።

በባሕር ዳር መጀመሪያ ያየናት መኪና የአንድ የመሥሪያ ቤት ሹም ነበረች። ሰውየው በየእሑዱ ጣና ዳር ወስዶ፣ ጎማዋን ውኃ ውስጥ አስገብቶ፣ እንደ ሙሽራ ነበር የሚያጥባት። ስታዩዋት ፊታችሁ ይታይባታል። አባባ ወደዳት። እኔ ግን የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ውስጥ ጣቴን ከትቼ አወጣሁና ጥቁሩን ቅባት አሳየሁት። «ይህ ሞተር ዘይት ይጠጣል» አልሁ። የዘይት ፋብሪካ ሰው ስለሆነ ቶሎ ገባው። ሹሙም «ልጅህ ሐኪም ይወጣዋል» አለው፤ እንደ ምርቃት ግን አልተናገረውም።

ከዚያ አንድ ሰው ጎንደር ላይ ጥሩ መኪና አለች ብሎ ጠቆመን። ባለቤቷ ሐጂ ኑርሁሴን የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እሑድ በአውቶቡስ ሄድን። ቤታቸው ዳገት ላይ ነው፤ ጎንደር ምን ዳገት ያልሆነ አለ? መኪናዋ የሰማይ ቀለም አላት። የሠራትን ፋብሪካ አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ስላልሆነ። በመጽሐፌ መሠረት መረመርኋት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ሁሉም ደኅና። ኮፈኗን ከፈትሁ። ከሞተሩ ጎን፣ ከታች በኩል፣ የዘይት ቆርቆሮ ክዳን በሽቦ ታስሮ አየሁ። አባባ «ይኸስ ምንድን ነው?» አለኝ። የማላውቀውን ነገር አላውቅም የማለት ልማድ ገና አልነበረኝም።

«የአቧራ መከላከያ ነው» አልሁት። ከዚያም ስለ አቧራ ጉዳት ረዘም አድርጌ አስረዳሁት።

ሐጂ ሊያስነሡልን ገቡ። ቁልፍ ማዞራቸውን እንጂ ሞተር ሲያጓራ አልሰማንም። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅ አደረጉት፤ መኪናዋ ቁልቁለቱን ዝም ብላ ተንሸራተተች፤ ሦስት ቤት ያህል እንዳለፈች ሩር! ብላ ተነሣች። ደስ ሲል! ባትሪ የሚቆጥብ ሰው እንዲህ ነው ብዬ ለአባባ ነገርሁት። አባባ «ለመሆኑ አስቸግራዎት ታውቃለች?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ወላሂ፣ አሥራ አንድ ዓመት ነድቻታለሁ» አሉ ሐጂ። «አንድ ጥዋት እንኳ እምቢ አላለችኝም።»

ልብ በሉ፤ አልዋሹም። እኛ ያልጠየቅነውን አልመለሱም፣ ያ ነው። ስንለያይም አባባን በመስኮት በኩል ትከሻውን ይዘው «ምንጊዜም ቁልቁል አቁሟት፤ ሌላ ምንም አትጠይቃችሁም» አሉት። የሽማግሌ ምክር ነው ብለን አከበርነው። አዲስ ዘመን ከተማ ምሳ ስንበላ ቁልቁል አቆምናት። እንዳሉትም ሌላ ምንም አልጠየቀችንም። ፎገራን አልፈን የዓባይን ድልድይ ተሻገርን፤ ቤታችን በር ላይ አቆምናትና ሞተሯን አጠፋናት።

እንግዲህ ባሕር ዳርን ታውቃላችሁ። ብስክሌት የምንወደው ወደን መሰላችሁ? ከተማው ትሪ ነው። ኳስ መሬት ላይ ብታስቀምጡ እንደ ተቀመጠች ታድራለች። እዚህ አገር ተወልጄ አድጌ፣ በዚያች እሑድ ይህን ረስቼ ነበር።

ሰኞ ጥዋት እማዬ ነጭ ጋወኗን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሰላምን «ዛሬ ማታ እመጣለሁ» ብላ ሳመቻት። መሪውን ያዘች። ቁልፉን አዞረች።

ጭጭ።

ደግማ አዞረች። ምንም። ኮፈኑን ከፈትሁ፤ ሽቦውን ፈትቼ ክዳኑን አነሣሁ። ከሥሩ ባዶ ጉድጓድ! ሞተር የሚያስነሣው ዕቃ፣ መካኒኮች ሞተሪኖ የሚሉት፣ እዚያ ነበር መቀመጥ የነበረበት። ተበላሽቶ አይደለም፤ ጭራሽ የለም። በጎንደር ቁልቁለት አሥራ አንድ ዓመት ማን ይፈልገዋል? መኪና እንዴት እንደሚነሣ የሚናገረው ከገጽ አሥራ አንድ በፊት ነበር መሰለኝ።

አባባ ከአጠገቤ ቆሞ ጉድጓዱን ተመለከተ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እስቲ» አለ፣ «የአቧራ መከላከያውን ደግመህ አስረዳኝ።»

ቁጠባችን ሁሉ እዚያች መኪና ውስጥ ገብቷል። እማዬ ሰዓቷን አየች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ጭነት መኪኖቹ መቆሚያ መራመድ ጀመረች። ቅዳሜ ድረስ ማለት ነው። ሰላም በር ላይ ሆና እጇን አውለበለበች።

«ሲስተር፣ ደኅና ይሂዱ!»

ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም። ጎረቤታችን እትዬ ይታይሽ ደጃቸውን ሲጠርጉ ሰምተዋል። መጥረጊያውን ጣሉት።

«ወዴት ነው? ምን ሆና ነው መኪናዋ?»

«አልነሣም አለች» አለች እማዬ። «ግፊ ትፈልጋለች፤ ሰው ማስቸገር ነው።»

«ማስቸገር? እኔ ምጥ ይዞኝ በዝናብ ስትመጪ ሞተር ነበረሽ? ግቢ መኪናሽ ውስጥ!»

እትዬ ይታይሽ ባላቸውን ጠሩ፤ ባላቸው ወንድማቸውን ጠሩ። ከማዶ የብስክሌት ጠጋኙ መጣ፤ ሁለቱም ልጆቹ በእማዬ እጅ ነው የተወለዱት። ሌሎች ጎረቤቶችም ተከተሉት። ከሁሉ ኋላ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታከለ መጡ። እሳቸው ባለፈው ሳምንት መኪና እንደምንፈልግ ሰምተው አባባን «ሁለት መኪና? ይሄ ነገር የከበርቴ ጠባይ አይሆንም ወይ ጓድ?» ብለውት ነበር። የመጡት ለመመልከት ነው። ግን ስምንት ሰው «ሆ!» እያለ ሲገፋ ሊቀ መንበር እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆማል? ኮታቸውን አወለቁ።

አሁን በግፊ ማስነሣትን ላስረዳችሁ፤ ይህን እንኳ በደንብ ዐውቀዋለሁ። ሁለተኛ ማርሽ ታስገባላችሁ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ትይዛላችሁ። መኪናዋ በግፊ ስትሮጥ ድንገት ትለቁታላችሁ። ያን ጊዜ ጎማው ሞተሩን ይቀሰቅሰዋል። እማዬ ለቀቀችው። መኪናዋ አንዴ ደነገጠች፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፣ ተነሣች! እልልታው እስከ ሐይቁ ሳይሰማ አይቀርም። ጓድ ታከለ ላባቸውን እየጠረጉ አባባን አዩት።

«ሕዝብ የሚገፋት መኪና» አሉ፣ «የግል ናት ማለት ያስቸግራል።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሁለቱ መኪናዎች አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ማታስ ትሉኛላችሁ። የጢስ ዓባይ ክሊኒክ ተረተር ላይ ነው፤ የሐጂ ምክር እዚያ ይሠራል። መንገድ ላይ ሞተሩ ከጠፋባትም እማዬ መፍትሔ አበጀች። ወደ ከተማ የሚመጣውን ሁሉ ትጭናለች፤ የመሳፈሪያው ውል አንድ ነው፤ የተሳፈረ ይገፋል። አንድ ቀን ሰባታሚት ላይ የጠፋችባት ጊዜ አንድ ቄስ፣ ሁለት የማር ነጋዴዎችና ለክትባት የመጡ አንዲት ባልቴት ወርደው ገፍተዋታል። ባልቴቲቱ ኋላ ለሰው ሁሉ «ሲስተርን እኔ ነኝ ያስነሣኋት» እያሉ ያወሩ ነበር።

እማዬም በየማታው እቤቷ አደረች። ሰላም የመጀመሪያውን ሳምንት በጥርጣሬ አየቻት። በሁለተኛው ሳምንት እራት ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። አንድ ወር ያህል እንደ ሆነ፣ መኪናዋ ገና ከመታጠፊያው ድምፅዋ ሲሰማ፣ «እማዬ መጣች!» ብላ ወጣች። «መጣች» ነው ያለችው፤ ያለ አንቱታ። አባባ የዚያን ዕለት ስለ አቧራ መከላከያው ይቅር አለኝ።

ለሐጂ ግን ስልክ ደወለላቸው። ሐጂ ደነገጡ። «ወላሂ፣ ባሕር ዳር ሜዳ መሆኑ ከልቤ ጠፍቶ ነው!» አሉ። ያመንኋቸው እኔ ነኝ፤ ከኔም ልብ ጠፍቶ ነበራ! መለዋወጫ በማይገኝበት ዘመን፣ እሳቸው ስንት ቦታ እንዳስፈለጉ እንጃ፣ ከወራት በኋላ ሞተሪኖ በጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣልን። እሑድ ከመካኒክ ጋር አስገባነው። እኔ መፍቻ አቀበልሁ፤ ምንም አላስረዳሁም።

ሰኞ ጥዋት ሰፈሩ እንደ ልማዱ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ። እማዬ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ ወዲያው ተነሣች፤ እንደ አዲስ።

ማንም እልል አላለም። እትዬ ይታይሽ ሊገፉ የዘረጉትን እጅ ምን እንደሚያደርጉበት ጠፋቸው። ጠጋኙ መሬት መሬት አየ። ጓድ ታከለ ያወለቁትን ኮት ቀስ ብለው መልበስ ጀመሩ።

«እንግዲህ አታስፈልጉኝም በይን ሲስተር» አሉ እትዬ ይታይሽ። ሊቀልዱ ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልቀለደም።

እማዬ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ሞተሩን አጠፋችው። በመስኮት አንገቷን ብቅ አደረገችና፣

«ይሄ አዲሱ ነገር አላማረኝም፤ እንደ ወትሯችን ግፉኝ» አለች።

መጀመሪያ የኋላውን ኮፈን የያዙት ጓድ ታከለ ነበሩ።

እነሆ እስከ ዛሬ ትገፋለች። ሞተሪኖው ደኅና ነው፤ ለክፉ ቀንና ለዝናብ ብቻ ነው የምንነካው። መኪናዋም አንድ ጥዋት እንኳ እምቢ አላለችንም። ሐጂ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ብዙ ዓመት የምትቆይ ሁለተኛ መኪና ስትመርጡ ጎማውንም፣ ጭሱንም፣ ካምቢዮውንም እዩ። መጽሐፌ ያለውን አልሽርም። ግን መጽሐፉ ሞተር መመርመር እንጂ ሰፈር መመርመር አያውቅም፤ እሱን እኔ ልጨምርላችሁ። ነገ ጥዋት ሞክሩት። መኪናችሁ ደኅና ብትሆንም፣ ሞተሯን አጥፉና ደጃችሁ ላይ ቁሙ፤ «ኧረ ግፉኝ!» በሉና ተጣሩ። ስምንት ሰው ከወጣላችሁ ያቺን መኪና ለማንም እንዳትሸጡ። ማንም ካልወጣ ደግሞ አትዘኑ፤ ጎንደር ቤት ፈልጉ፣ እዚያ ቁልቁለት አለላችሁ።