«ቆሻሻ» የሚል ፎልደር

ባል ሆኖ «አላውቅም» የሚል ወንድ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እናንተስ? ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ዲሹ አልሠራ ሲል፣ ሶኬት ሲጨስ፣ ሁላችንም «ቆይ እስቲ ልየው» ብለን እንነሳለን። አይተን ስንጨርስ ባለሙያ ይጠራል። ሀና ማርያም ሰፈር ውስጥ ካሉት ነካኪዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ለዚያውም አንጋፋው።

ባለቤቴ ትዕግስት የአማርኛ መምህርት ናት። ከሥራዋ ጎን ለጎን ማስተርሷን ስትማር ሁለት ዓመት ሆናት። ቤታችን ያለችው ላፕቶፕ ደግሞ ዕድሜ የጠገበች ናት፤ አንድ ጽሑፍ እስክትከፍት ሰው ልብስ አጥቦ ያሰጣል። ትዕግስት የመመረቂያ ጥናቷን ሰኞ ለአማካሪዋ ልታስረክብ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ልትሠራ ወጣች። ስትወጣ «አደራህን ኮምፒውተሯን እንዳትነካት» አለችኝ። እንዲህ ያለው አደራ ለባል ግብዣ መሆኑ ሴቶች መቼ ነው የሚገባቸው?

ሙያውን ከኢንተርኔት ቪዲዮ ቀሰምኩ። ለካ ኮምፒውተር ሲሠራ ጊዜያዊ ፋይሎች ያከማቻል፤ ሥራው ካለቀም በኋላ አይጥላቸውም። አበሻ በሉት! የዘይት ጀሪካኑን፣ የቀለም ባልዲውን፣ እግሩ የተሰበረውን ወንበር «ይፈለግ ይሆናል» እያለ በረንዳ ላይ የሚቆልል አበሻ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ መቼም ረጋ ያለ ነው። የተከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ ዝጉ፤ ቴምፕ የሚባለውን ፎልደር ከፍታችሁ ውስጡ ያለውን ሰርዙ፤ አልሰረዝም ያለውን እለፉት፣ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው፤ የተሰረዘው ለጊዜው ቅርጫት ውስጥ ይቆይ፤ ኮምፒውተሩ ደህና መሥራቱን ስታዩ ያኔ ቅርጫቱን ትደፋላችሁ አለ። ከቴምፕ ውጪ ምንም እንዳትነኩ ብሎም ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ።

ያለውን ሁሉ አደረግሁ፤ ላፕቶፗም ነፍስ ዘራች። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ድል ያሰክራልና ዓይኔን ወዲያ ወዲህ ሳንከራትት፣ ዴስክቶፑ ላይ «ቆሻሻ» የሚል ፎልደር አየሁ። በገዛ አፉ ቆሻሻ ነኝ ብሎ ለሚናዘዝ ፎልደር ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ሳልከፍተው፣ ቅርጫቱ ውስጥ እንኳ ሳያድር በዚያው እንዲጠፋ ሺፍትንና ዲሊትን አንድ ላይ ተጫንኩ። ኮምፒውተሯ በእርግጥ ለዘለዓለም ይጥፋ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ኧረ በሕግ! ማሽን አባወራን እርግጠኛ ነህ ወይ ማለት የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው? አዎ አልኳት።

ትዕግስት ተመልሳ ስክሪኑን ስታይ፣ «ቆሻሻ የሚለውስ?» አለችኝ። «ጠረግሁልሽ» አልኳት፣ ምርቃት እየጠበቅሁ። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የሁለት ዓመት ጥናቷ ያለው ለካ እዚያ ውስጥ ነበር። አማቴ ወርቃቸውን የሚያስቀምጡት ተልባ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ሌባ ተልባ አይበረብርም ብለው። ልጃቸውም የእናቷን ዘዴ ወደ ኮምፒውተር አሻገረችው፤ ልጆቻችንም እኔም እንዳንነካካባት ጥናቷን ቆሻሻ ብላ ሰየመችው። ፍላሿ ላይ የቀራት የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። ተረቱ «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ይላል። እኛ ቤት የሚስቱን መጽሐፍ ያጠበው ባልየው ነው፤ ለዚያውም አወቅህ ያለው ሰው ሳይኖር! ያን ዕለት በራሴ በጣም አፈርኩ።

ትዕግስት ላፕቶፗን ወዲያው አጥፍታ በጉያዋ አቀፈችና ታክሲ ይዘን ሀይሌ ጋርመንት ወረድን። እዚያ ሰሚራ የምትባል የኮምፒውተር ጠጋኝ አለች። ታሪኩን ሰምታ፣ «እንኳን ላፕቶፗን ወዲያው አጠፋሻት» አለቻት። ተሰረዘ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ፣ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ሊወጣ ይችላል አለች። ልቤ መለስ አለ። ቀጥላ ግን፣ ማውጫው ፕሮግራም መርጦ አያወጣም፣ ከዚህ በፊት የተሰረዘውንም ያገኘውን ያህል ይዞት ይመጣል ስትል ላፕቶፗን መልሼ ልነጥቃት ቃጣኝ።

ልንገራችሁ እንግዲህ። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ማስተርስ እማር ነበር። ጥናቴን ቫይረስ በላው ብዬ አቋረጥኩ። ትዕግስት አብራኝ አዝናለች፤ ጎረቤት ሳይቀር «እግዜር ይተካልህ» ብሎኛል። ቫይረሱ እኔው ነበርኩ፤ ከዚህችው ላፕቶፕ ላይ በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ። ሰሚራን በጨዋ ደንብ፣ የዛሬውን ብቻ ብታወጪልንስ ብላት ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ ስማቸውን አጥተው በቁጥር ነው የሚወጡት፤ አንድ በአንድ ከፍተን ማየት አለብን» አለችኝ።

ከፈተች፤ ከፈተች፤ የእኔንም ከፈተችው። ሽፋኑ ላይ ስሜ ከነአያቴ በደማቁ ተጽፏል። ቀጥሎ ምስጋና ይላል፤ ሦስት ገጽ ሙሉ። ፈጣሪን አመስግኛለሁ፣ ወላጆቼን አመስግኛለሁ፣ ያለ እርሷ ድጋፍ ይህ ጥናት ከፍጻሜ አይደርስም ነበር ብዬ ባለቤቴን አመስግኛለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ወረቀት ነው። ትዕግስት አንብባ ጨረሰችና ለሰሚራ፣ «ቫይረሱ ግን ጨዋ ነው፤ ምስጋናዬን ሳይነካ ጥናቱን ብቻ መርጦ በላው» አለቻት። ሰሚራ ሳል እስኪይዛት ሳቀች።

የትዕግስት ጥናት እዚያው ተገኘ፤ ሰኞም አስረከበች። ያኮረፈችኝ ግን እስክትመረቅ ነው። ጥናቱ ተጠርዞ ቤት ሲገባ ቶሎ ብዬ ምስጋናውን ገለጥኩ። ፈጣሪ አለ፣ አማካሪዋ አሉ፣ አማቴ አሉ፣ ሰሚራም አለች። እኔ የለሁም። እኔን ረሳሽኝ እንዴ ብላት ቀና እንኳ ሳትል፣ «ኧረ አልረሳሁህም፣ በጥናቱ ወቅት ያጋጠሙ ችግሮች በሚለው ስር እየው» አለችኝ። ገለጥኩ። እውነትም አለሁ፤ ተራ ቁጥር ሁለት፣ ከመብራት መቆራረጥ ቀጥሎ።