ቀጭን ብቻ የሚቀበለው ድረ ገጽ

(ፀጉር ቤት። ወንበሩ ባዶ ነው፤ መስታወቱ ግን ሙሉ ነው፤ የሞላውም የቤቱ ጌታ፣ ወፍራሙ ፀጉር አስተካካይ፣ ብቻውን ነው። ባለሙያን ከደንበኛ የሚያገናኘው ድረ ገጽ ምዝገባውን ዛሬ ይዘጋል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ ከራቀው ቆይቷል፤ የቀረው ተስፋ ይኸው ድረ ገጽ ነው፤ ለምዝገባው የላከው ፎቶ ግን ተመልሶበታል። አማቹ፣ የታላቅ እህቱ ባል፣ እንደ ክር የቀጠነ ሁሉን አዋቂ ነው፤ አዲሱን ስልኩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ቆሟል።)

አማች፦ ወፍራም ሰው አይቀበልም አልኩህ! ሰፈሩ በሙሉ የሚያወራው እሱን ነው።

አስተካካይ፦ ጋሼ ሙት፣ ድረ ገጽ ወፍራሙን በምን ያውቃል?

አማች፦ የላከልህን አንብበዋ!

አስተካካይ፦ (ያነባል) «ፎቶው ከተፈቀደው ስፋት በላይ ነው። እባክዎ ያሳንሱ።»

አማች፦ ከዚህ በላይ ምን ይበልህ? ስምህን ጠርቶ ይስደብህ?

አስተካካይ፦ ፎቶው ነው እኮ የሚለው።

አማች፦ ጨዋነት ነዋ! ሰው ፊት ለፊት «ወፈርክ» ይባላል? ዳቦ ጋጋሪው ስንቴ ተመለሰ! ሽቦ የሚያህለው ኤሌክትሪሻን ግን ሰተት ብሎ ገባ።

አስተካካይ፦ እኔ እኮ አልወፈርኩም፤ አጥንቴ ነው።

አማች፦ አጥንት የሸሚዝ ቁልፍ አይበጥስም። ሆድህን ሳብ!

(አስተካካዩ ሆዱን ይስባል፤ አማቹ በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። ቀጭ!)

አስተካካይ፦ (ትንፋሹ እንደታፈነ) ላክ... ጋሼ፣ ቶሎ ላክ...

አማች፦ «ከተፈቀደው ስፋት በላይ ነው።» በጎንህ ዙር እስቲ። (ቀጭ!) ጭራሽ! ሰው በጎኑም ይሰፋል?

አስተካካይ፦ ልተንፍስ?

አማች፦ ተንፍስ። ገባኝ! ሰው ከሩቅ ሲታይ ያንሳል። መንገዱን ተሻገር።

(አስተካካዩ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይሻገራል።)

አስተካካይ፦ (ከማዶ እየጮኸ) እዚህ ይበቃል?

አማች፦ ከፋርማሲው እለፍ! አሁንም እለፍ! ቁም! (ቀጭ!) ውይ፣ አውቶቡስ ገባብኝ።

አስተካካይ፦ ታዲያ ላከዋ! ከአውቶቡስ ጋር ሲያየኝ ቀጭን እመስለው ይሆናል!

(ይልካል። አስተካካዩ እያለከለከ ይመለሳል።)

አማች፦ «ከተፈቀደው ስፋት በላይ ነው።» ከመንገድ ማዶ ሆነህ እንኳ አወቀህ! ይሄ ድረ ገጽ ዓይን አለው።

አስተካካይ፦ ጋሼ፣ ምናልባት ስልኩ...

አማች፦ ስልኬን እንዳትነካብኝ! ይሄ ስልክ ጨረቃ ላይ ጉንዳን ሲያዛጋ ያነሳል። የሱ ፎቶ ቢዘረጋ ይሄን ግድግዳ አልብሶ ለጣሪያው ይተርፋል!

አስተካካይ፦ ለጣሪያው?

አማች፦ ለጎረቤትም!

አስተካካይ፦ (ስልኩን እያየ) ታዲያ የሰፋው እሱ አይሆንም?

አማች፦ አንተ መቀስህን ያዝ፤ ቴክኖሎጂውን ለእኔ ተው። እይ፣ አሁን እኔን የመሰለ ሸንበቆ ስልክለት እልል ብሎ ነው የሚቀበለኝ። (ራሱን ያነሳል፤ ይልካል። ፊቱ ይቀየራል።)

አስተካካይ፦ ምን አለ?

አማች፦ ኔትወርክ ነው።

(አስተካካዩ ከምላጮቹ መሳቢያ ውስጥ የሚስቱን አሮጌ ስልክ ያወጣል፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ጀርባው በላስቲክ ታስሯል።)

አማች፦ በዚህ? ይሄ ሰውን ከድንች አይለይም!

አስተካካይ፦ ድንች ሆኜም ቢሆን ልግባ፤ ሊዘጋ ነው።

(ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሆዱን እንደ ልቡ ይለቀዋል። ቀጭ! ይልካል። አሮጌው ስልክ ጢጥ ይላል።)

አስተካካይ፦ (ያነባል) «ፎቶዎ ተቀባይነት አግኝቷል። እንኳን ደህና መጡ።» ...የአንተስ ጋሼ?

አማች፦ ኔትወርክ ነው አልኩህ እኮ!

(አስተካካዩ በአማቹ ትከሻ ላይ አንገቱን ያሰግጋል።)

አስተካካይ፦ (ቀስ ብሎ ያነባል) «ፎቶው ከተፈቀደው ስፋት በላይ ነው። እባክዎ ያሳንሱ።»

(አማቹን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፤ ከልቡ አዝኖ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል።)

አስተካካይ፦ ጋሼ... ለእህቴ እነግራታለሁ። እራት ትቀንስልህ።