የጁነዲን ሆድና የካልቱማ ቅል

[ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር። ካልቱማ ወተት መሸጫዋ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ከዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ወጥቶ እዚሁ የከተመው ጁነዲን አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ በሌላው ባዶ የወተት ቅሏን ይዞ ቆሟል። የጤና ስልጠና የወሰደው ሁለት ቀን ነው፤ አነጋገሩ ግን የሁለት ዓመት ነው።]

ጁነዲን፦ ጥቁር ነበር አልኩሽ! ውስጡ ጥላሸት ብቻ።

ካልቱማ፦ ታጥኖ ነዋ። ባልታጠነ ቅል ወተት ይቀመጣል እንዴ?

ጁነዲን፦ ጥላሸት ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻ ባለበት ባክቴሪያ አለ። ጠዋት ወተትሽን ከጠጣሁ ወዲህ ስድስት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላለስኩ። ዛሬ ባራዛው ላይ፣ ቺፉ ፊት ስለ ጤና ሳስተምር ይህንኑ ነው የምናገረው።

[ካልቱማ ደነገጠች። ባራዛው የሰፈሩ ሹም፣ ቺፉ፣ የሚጠራው ስብሰባ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል፤ ይህ ከተወራ ነገ ወተቷን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ቢሆንም ፊቷን የዋህ አስመሰለች።]

ካልቱማ፦ እኔ አልተማርኩም፣ አስረዳኝ። ይሄ ባክቴሪያ ጥርስ አለው?

ጁነዲን፦ ጥርስ ምን ያደርግለታል? በአፍ ይገባል፣ አንጀት ላይ ይለጠፋል፣ ይራባል፣ መርዙን ይረጫል።

ካልቱማ፦ ብቻውን ያን ሁሉ ይችላል?

ጁነዲን፦ ብቻውን የት ይቀመጣል? በሃያ ደቂቃ ሁለት ይሆናል፣ በሌላ ሃያ ደቂቃ አራት። አመሻሽ ላይ ወተት ውስጥ አንድ ከገባ ጠዋት ሰራዊት ነው።

ካልቱማ፦ በሃያ ደቂቃ? አራሷንስ ማን ይጠይቃታል?

ጁነዲን፦ አይወልድም፣ ለሁለት ይከፈላል እንጂ።

ካልቱማ፦ እንደ ሞያሌ በለኛ፤ ግማሹ ኬንያ፣ ግማሹ ኢትዮጵያ።

ጁነዲን፦ ቀልዱን ተይው።

ካልቱማ፦ እሺ። ወተቱን ግን አፍልቼው ነበር።

ጁነዲን፦ ሲፈላ ይሞታል። የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ካልቱማ፦ ከየት?

ጁነዲን፦ ካልፈላ ውሃ ለምሳሌ። ፍየልም ሰውም ከሚወርድበት ከኩሬው አንዲት ጠብታ ትበቃለች።

[ካልቱማ ቅሉን ተቀብላ አሸተተችው።]

ካልቱማ፦ ጭሱ የት ሄደ?

ጁነዲን፦ አጠብኩታ። ትላንት አመሻሽ ወተቱን ድስት ውስጥ ገልብጬ፣ ቅሉን ፈትጌ ፈትጌ አነጣሁት። ከዚያ ወተቱን መልሼ አሳደርኩት። ንጽሕና ማለት እንዲህ ነው።

ካልቱማ፦ በሳሙና?

ጁነዲን፦ የሳሙና ሽታ ወተቱ ላይ ይቀራል። በውሃ፣ ሦስት ጊዜ።

ካልቱማ፦ ውሃው ከየት መጣ?

ጁነዲን፦ ከ... ከኩሬው።

ካልቱማ፦ ፈልቶ?

ጁነዲን፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር።

ካልቱማ፦ ሰራዊቱን ራስህ አስገብተህ፣ በእኔ ወተት ስትቀልበው አደርክ በለኛ።

ጁነዲን፦ [ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ] ካልቱማ፣ ባራዛው ሊጀመር ነው፣ እኔ መቆም አልቻልኩም። አንቺ ተናገሪልኝ፤ የማውቀውን ሁሉ ነግሬሻለሁ።

ካልቱማ፦ እናገራለሁ። አንተ ግን የፈላ ውሃ ላይ ስኳርና ጨው አድርገህ ጠጣ። ቆይ፣ ባክቴሪያ ሰው ላይ የሚያደርገውን አሳዪን ካሉኝስ?

ጁነዲን፦ በዓይን አይታይም በያቸው።

ካልቱማ፦ ግዴለም፤ ሽንት ቤትህ ደጃፍ ላይ ወንበር እደረድርላቸዋለሁ።