የሊቀ ሲኒማ የዘንድሮ አሥር ፊልሞች

ወሬው እንዲህ ነው፦ ሊቀ ሲኒማ ዘንድሮ አንድም ፊልም አላዩም። ዘንድሮ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አላዩም። ገና መብራቱ ሳይጠፋ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ያርፋል፣ ባርኔጣቸው አፍንጫቸው ላይ ይወርዳል፣ ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ እሳቸውም አብረው ይበራሉ። ከዚያ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ካፌ ገብተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ማንም ሳይሾማቸው «የዓመቱን አሥር ታላላቅ ፊልሞች» ለሕዝብ ያውጃሉ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ነውና፣ ይህን ወሬ እንዳለ መዋጥ ያስቸግራል። ሊቀ ሲኒማ በሥራቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ባለፈው ዓመት ስለ አንድ ጀግና ሲናገሩ «ወደሚቃጠለው ቤት የገባው ባለ አራት ቁልፍ ኮት ለብሶ ነው፤ የወጣው በሦስት ነው፤ እሳት ደግሞ ቁልፍ አይፈታም» ብለዋል። የተኛ ሰው ቁልፍ ይቆጥራል? ደግሞ ማን ያውቃል፤ አንዳንዱ በሕልሙም ሥራውን አይተውም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በእናንተም ሰፈር አለ። የደንበኛ ሱሪ ለሦስት ወር መደርደሪያ ላይ አስተኝቶ «ነገ ይደርሳል» የሚል፣ ለዓመቱ ፊልሞች ማዕረግ ለመስጠት ግን አንዲት ቀን የማያሳልፍ። ሊቀ ሲኒማ ደብተራቸውን የሚይዙት በልብስ መለኪያ ሜትር ጠቅልለው ነው። ሰው ሲከራከራቸው መልሳቸው አንድ ብቻ ነው፦ «አንተ ተኝተህ ነበር!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬውን እሳቸው አልሰሙትም ይሆናል። እትዬ ጉማጅ ግን ሰምታዋለች። እትዬ ጉማጅ የሲኒማ ቤቱ ቲኬት ቆራጭ ናት፤ ስሟን ያወጣላት ሃያ አንድ ዓመት የቀደደችው ወረቀት ነው። ፊልም የምታየው ቆማ ነው፤ በቀን ሦስቴ፣ ግድግዳ ተደግፋ። ስለዚህ ፊልሞችን የምትመዝነው በእግሯ ነው። «ይሄኛው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልቅ ነው» ትላለች ስለ አጭሩ። ዘንድሮ አብዛኞቹ ወገብ ድረስ ደርሰዋል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቢበዛ ስምንት ሰው ይገባል፤ ከእነሱም ሁለቱ ሁልጊዜ ፊልሙን ሊያዩ የመጡ አይደሉም። ሊቀ ሲኒማ ከፊት በኩል ብቻቸውን ይቀመጣሉ። እትዬ ጉማጅ በባትሪዋ ስትቃኝ ባርኔጣቸው እንደ ተዘጋ ሱቅ ወርዶ ታገኘዋለች። ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ይወጣል፣ እሷ መጥረጊያዋን ታነሳለች፣ እሳቸው ከወንበራቸው አይነሱም።

«እህቴ፣» ይላሉ ባርኔጣቸውን ወደ ቦታው እየመለሱ፣ «ዓይኔ ደክሟል። እስቲ መጨረሻውን አንቺ ንገሪኝ።»

የዛሬ ሰባት ዓመት መጀመሪያ የጠየቋት ቀን እንዳለው ነገረቻቸው፤ ፊታቸው ጥላ ገባበት። በሁለተኛው ሳምንት አሳዘኗት። መጥረጊያዋን ተደግፋ ትንሽ አስተካከለችው። በሦስተኛው ሳምንት ማስተካከል ቀርቶ አዲስ ሠራችው።

ዘንድሮም ሥራ በዛባት። ሁለት ወንድማማች ፖሊሶች አንድ ሌባ ፍለጋ አርባ ደቂቃ ጣሪያ ለጣሪያ የሚዘሉበት ፊልም ነበር፤ በእትዬ ጉማጅ አፍ ታናሽየው አንድ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብሎ «ወንድሜ፣ ደከመኝ» አለ፣ ታላቁም አጠገቡ ተቀመጠ፣ ሌባውም ተመልሶ መጥቶ አብሯቸው ዐረፈ። ትዝታዋ የጠፋባት የሀብታም ልጅም ነበረች፤ ፊልሙ ውስጥ ሐኪሙ አድኖ አገባት። እትዬ ጉማጅ ግን ለሊቀ ሲኒማ «ኧረ ምንም አልጠፋባትም!» አለቻቸው። «ሁሉንም ታስታውሳለች። ዝም ያለችው በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ምንም ስላላዘዛት ነው።» ሊቀ ሲኒማ ይህን ሲሰሙ እርሳሳቸውን ምላሳቸው ላይ አርሰው ጻፉ።

ካፒቴኑ ግን ሁሉን በለጠ። ዘጠኝ ዓመት ባሕር ላይ ጠፍቶ ይመለሳል። ፊልሙ ላይ ሚስቱ ወደቡ ላይ ሮጣ ትጠመጠምበታለች፤ ሙዚቃ፣ አበቃ። በእትዬ ጉማጅ ወደብ ላይ ማንም አልጠበቀውም። በእግሩ ቤቱ ድረስ ሄዶ አንኳኳ። ሚስቱ ከፈተች። ከላይ እስከ ታች አየችው። አላለቀሰችም። «ጫማህን አውልቅ፣» አለችው፤ «ወለሉን አሁን ነው ያጸዳሁት።»

ሊቀ ሲኒማ ያን ቀን የገዛ ጫማቸውን እያዩ ነው የሄዱት።

የዝርዝሩ ቀን እትዬ ጉማጅ በዓመት አንዴ ፈቃድ ትጠይቃለች። ካፌው በር አጠገብ ተቀምጣ፣ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ፣ ሻይዋን ይዛ ፊልሞቿ በወግ በማዕረግ ሲነበቡ ትሰማለች። የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ሰው ሲስቅ ወደ ሻይዋ ታቀረቅራለች። ሰው ዝም ሲል ደግሞ ሻይዋን መጠጣት ትረሳለች። ያቺ አንድ ሰዓት የዓመቱ ዕረፍቷ ናት።

ዘንድሮ ሊቀ ሲኒማ ከአሥረኛው ጀምረው ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ፋርማሲስቱ ተነሳ። ፋርማሲስቱን ሰፈሩ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም ተቃውሞ አያውቅም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ፣» አለ። «አንደኛ የሚሉት የካፒቴኑን ፊልም ነው አይደል? ሳምንቱን ሙሉ ጫማ አውልቅ፣ ጫማ አውልቅ ሲሉን ነበር። ከባለቤቴ ጋር ሄጄ አየሁት። ጫማ የሚባል ነገር የለም!»

«አንተ ተኝተህ ነበር!» አሉ ሊቀ ሲኒማ።

«እኔ አልተኛሁም! የሚተኙትስ እርስዎ ነዎት! አገር ያወቀው ነው። ተኝተው፣ ቃዥተው፣ የቃዡትን ያነቡልናል።»

ሊቀ ሲኒማ ሜትሩን ቀስ ብለው ደብተሩ ላይ ጠቀለሉ።

«ከተረጋገጠብኝ፣» አሉ፣ «ይህ ደብተር ዛሬ ይዘጋል። ዳግመኛም አይከፈትም።»

«ምስክር አለ፣» አለ ፋርማሲስቱ፤ ወደ በሩ ዞረ። «እትዬ ጉማጅ፣ ባትሪውን የያዙት እርስዎ ነዎት። እውነቱን ይናገሩ። ይተኛሉ ወይስ አይተኙም?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የእትዬ ጉማጅ እግር ከጠረጴዛው ሥር ጫማዋን መፈለግ ጀመረ። ይተኛሉ ብትል ደብተሩ ይዘጋል፤ ፖሊሶቹ ከጣሪያው አይወርዱም፣ የሀብታሟ ልጅ ዕረፍቷን ትነጠቃለች፣ ለከርሞም መጥረጊያ ብቻ ይቀራል። አይተኙም ብትል ደግሞ ጫማው ከየት መጣ?

«ዶክተር፣» አለች በመጨረሻ፣ «እርስዎ ያዩት መቼ ነው?»

«እሁድ።»

«እኮ! የሐሙሱን አላዩትማ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«እሁድ ሰው ስለሚበዛ ሥራ አስኪያጁ ያሳጥረዋል። ሙሉው የሚታየው ሐሙስ ነው።»

ሃያ አንድ ዓመት ቲኬት በቀደደ እጅ እንደሚቀደድ ወረቀት፣ ውሸቷም ቀጥ ብላ ወጣች።

«አላልኩህም!» አለች የፋርማሲስቱ ሚስት ከጎኑ። «ሐሙስ እንሂድ አላልኩህም? ሱቅ አልዘጋም ብለህ!»

ካፌው በሳቅ ፈነዳ። ፋርማሲስቱ ተቀመጠ። ሊቀ ሲኒማ ሜትሩን መልሰው ፈቱና አንደኛውን አነበቡ።

የሚቀጥለው ሐሙስ ጉድ ፈላ። የካፒቴኑ ፊልም በሕዝብ ጥያቄ ተመልሶ አዳራሹ ጢም አለ። እትዬ ጉማጅ ግድግዳዋን ተደግፋ መጨረሻውን ጠበቀች። ፊልሙ እንደሁልጊዜው አለቀ፤ ሮጣ ተጠመጠመችበት፣ ሙዚቃ፣ መብራት። ሰዉ ተያየ። ማንም ቀድሞ ተኝቶ ነበር መባልን አልፈለገም። ከዚያ ፋርማሲስቱ ተነስቶ ኮቱን አራገፈና ጮክ ብሎ ተናገረ፦

«ይኸው! ጫማህን አውልቅ ስትለው በገዛ ጆሮዬ ሰማኋት። ፊልም እንዲህ ነው እንጂ!»

ሁሉም እየተስማማ ወጣ። የስምንት ሰው ቆሻሻ የለመደ ወለል የሁለት መቶ ሰው ቆሻሻ ተሸክሞ ቀረ። እትዬ ጉማጅ መጥረጊያዋን አነሳች። ሊቀ ሲኒማ ከፊት በኩል እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣» አለች ሳትጠርግ፣ «ስለ እርስዎ ብዬ አገር አታለልኩ። እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ለመተኛት ከሆነ ቤትዎ አልጋ የለም?»

«ማን ነው የተኛው?»

«በባትሪ አይቼዎታለሁ እኮ!»

«ያየሽው ባርኔጣ ነው። ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ ያፈጠጠ ዓይን ብርሃን ይከብደዋል። በባርኔጣው ጫፍ ሥር ነው የማየው።» አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «የካፒቴኑ ሚስት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። በግራ በኩል የታችኛው ስፌት ተፈቷል። ሰባት እርምጃ ሮጣ ተጠመጠመችበት። ሙዚቃ። አበቃ።»

እትዬ ጉማጅ መጥረጊያዋን ወንበር ላይ አስደገፈች።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት… መጨረሻውን ለምን ይጠይቁኛል?»

«ስፌቱ የተፈታ ልብስ ወደ እኔ ይመጣል፤» አሉ ሊቀ ሲኒማ፣ «ስፌቱ የተፈታ ፊልም ወዴት ይሂድ?»

እትዬ ጉማጅ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሃያ አንድ የሥራ ዓመቷ፣ ከአዳራሹ ወንበሮች አንዱን ወደ ታች አጠፈችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ደህና ወንበር ነበር።

እሳቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው ተነሱ፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል እየተንጠራሩ ሄዱና በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ለወሬኞቹ ግን ከእኔ ንገሪያቸው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ሐሙስ፣ ተኝቼ አላውቅም።»