ሮዳጅ ላይ ናት

ሰው አሮጌ ዕቃ ሲበላሽበት ይሳደባል፤ አዲስ ዕቃ ሲበላሽበት ግን ያስታምማል። ልብ ብላችሁ ታውቁ እንደሆን አላውቅም። የድሮ ሬዲዮው ድምፁ ሲቆራረጥ በጥፊ የሚመታ ሰው፣ ትናንት የገዛው ቴሌቪዥን ሲጠፋበት "መብራቱ ነው፣ ኃይሉ ቀንሶ ነው" እያለ ጠበቃ ይቆምለታል። ብዙ የከፈልንበትን ነገር መጥላት ራሳችንን ሞኝ ብሎ መጥራት ስለሚመስለን ይሆናል። እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ጠለቅ ያለውን ምክንያት የተማሩት ይንገሯችሁ። እኔ የማውቀው የቤቴን ነው።

የቤቴ ደግሞ ፒካፕ ነው።

ባለቤቴ ታምራት ለካዛንቺስ ሆቴሎችና ቢሮዎች ዕቃ በማመላለስ ነው የሚያኖረን። ድሮ የነበረችው ፒካፑ ቀለሟ የለቀቀ፣ የጋቢናዋ በር በገመድ የሚታሰር፣ ግን ጠዋት ጠዋት ሳታሳፍረው የምትነሳ ነበረች። ባትሪዋ የደከመ ቀን እንኳ ሁለት ሰው ገፋ ካደረጋት በቃ፣ እያስነጠሰች ትሄዳለች። ከዚያ አዲሱ ሞዴል ወጣ። ያው ስም፣ ያው ምልክት፤ ፊቷ ግን ሌላ፣ መብራቷ እንደ ተቆጣ ሰው ዓይን ቀጠን ብሎ ወደ ላይ የተሳበ። ታምራት አሮጌዋን ሸጠ፤ ያለንንም የሌለንንም ጨምሮ አዲሷን አመጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ "እንኳን ደስ አላችሁ" አለን። እኔም ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ወንበሯ ይመች ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ብጫ መብራት በራች። ታምራት ወደ ሻጮቹ ወሰዳት። ከረባት ያሰረው ሻጭ ኮፈኗን እንኳ ሳይከፍት "አይዞህ፣ ሮዳጅ ላይ ናት" አለው። ሮዳጅ ማለት፣ ለማታውቁት፣ አዲስ ሞተር እስኪፍታታ ድረስ ቀስ ተብሎ የሚነዳበት ጊዜ ነው፤ የመኪና አራስነት በሉት። አራስ ቤት ግን መውጫ አለው። የእኛዋ አልወጣችም። መስኮቷ ወርዶ አልመለስ ሲል፣ ሮዳጅ ነው። ዝናብ በጣሪያዋ ሲገባ፣ ሮዳጅ ነው። ፍሪጅ እንደተጫነባት ሰንጋ ተራ መሃል መንገድ ላይ ስትተኛም ሮዳጅ ነው። እንደሷ ያለች የገዙ ሰዎች ጋራዥ ተገናኝተው በሽታዋን አንድ በአንድ ሲያወሩ ይውላሉ፤ ታዲያ አንድ አላፊ አግዳሚ "የዚህ ኩባንያ መኪና እንኳ ድሮ ቀረ" ያለ እንደሆነ ሊደባደቡት ይነሳሉ። ልጃችን ማህሌት ሳትቀር "ገንፎሽን ብይ" ስላት "ሮዳጅ ላይ ነኝ" ማለት ጀመረች። ሳቅን። ያን ጊዜ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የፈተናውን ነው።

ማህሌትን ሳረግዝ ያቋረጥኩትን አሥረኛ ክፍል በግል ልፈተን ተመዝግቤ፣ ልጅ እያስተኛሁ ሳጠና ከረምኩ። ካለፍኩ ሠልጥኜ መዋዕለ ሕፃናት ላስተምር ነው። የተመደብኩት ላንቻ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ነበር። ጠዋት ታክሲ ልይዝ ስነሳ ታምራት ተቆጣ።

"መኪና ያለው ሰው ሚስት ለፈተና በታክሲ ተጋፍታ ትሄዳለች? ሰው ምን ይላል?"

"ካልተነሳችስ?"

"አታሟርቺባት እንጂ!"

ተነሳች። ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደውን ቁልቁለት እንደ ሙሽራ ወረደችው። አደባባዩ ጋ ስትደርስ ብጫዋ መብራት በራች፣ ከዚያ ቀዩዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ከዚያ ጸጥ። ታምራት ወረደና መንገደኛ ሰብስቦ መጣ። መንዳት የማልችለውን እኔን መሪ ላይ አስቀምጦ "ቀጥ አድርገሽ ብቻ ያዢው" አለኝና ከኋላ ሆኖ ይገፋ ጀመር።

"አዲስ አይደለች እንዴ? ምን ሆና ነው?" ይላል አንዱ።

"ሮዳጅ ላይ ናት" ይላል ታምራት እያለከለከ።

"ሐዘን ላይ ናት እንጂ፣ ሮዳጅማ እንዲህ አያደርግም!"

ሳቁ። ገፉ። "እመቤት፣ ፍሬን እንዳትረግጪ!" አሉኝ። ደግመው ገፉ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ እኛ አንሄድም። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ የታክሲ ሹፌር አጠገባችን ቆሙና "ልጄ፣ ይቺ እኮ አውቶማቲክ ናት፤ በግፊ አትነሳም። ደብረ ዘይት ድረስ ብትገፏት ያው ናት" አሉት። ታምራት ግንባሩን መታ። ያውቅ ነበር። እጁ ግን አሮጌዋን ነበር ሲገፋ የቆየው።

እዚህ ላይ "አንቺስ ለምን ወርደሽ አልሄድሽም?" ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። ላንቻ እዚያው ታች ነው፤ በእግርም ይደረሳል። እጄም የበሩን መክፈቻ ይዞ ነበር። ግን ባሌን በመስታወቱ አየሁት፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ መንገደኛ እየሳቀበት፣ መኪናይቱን በሁለት እጁ ይዟታል። እኔም ትቻት ከወረድኩ መኪናዋ በእርግጥ ተበላሽታለች ማለት ነው። እኔ ካላልኩት ደግሞ፣ ያልተበላሸች ይመስለኝ ነበር። መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ።

እኚያው ሹፌር በታክሲያቸው ላንቻ አደረሱኝ። በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው በቀዳዳው የመፈተኛ ካርዴን አይቶ "እህቴ፣ ተጀምሯል፤ እኔ ምን ላድርግሽ?" አለኝ። ግቢው ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ያ ሁሉ ጸጥታ። የሚያስቸኩለኝ ነገር ስላልነበረ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ ወጣሁት። ቤት ስደርስ ማህሌት ለፈተናው በቀረጽኩት እርሳስ መኪና ሣለች።

ታምራት ከልቡ አዘነ። ዓይኔን ማየት አፍሮ ሰነበተ። በመጨረሻም መኪናዋን ሸጣት፤ እኔም እፎይ አልኩ። ሸጦ ምን ገዛ በሉኝ። ያንኑ። ያው ስም፣ ያው ምልክት፣ መብራቷ ብቻ ደግሞ ክብ ሆኗል። "ይቺኛዋ ያስተካከሏት ናት" አለኝ። ባለ ከረባቱ እንደነገረው ከአነጋገሩ አወቅሁ።

ዘንድሮ እንደገና ተመዘገብኩ። በፈተናው ጠዋት ለሩጫ የሚመች ሸራ ጫማ አደረግሁ። ታምራት መኪናዋን አጥቦ፣ የጋቢናዋን በር ከፍቶልኝ ደጅ ቆሟል። ለምን ገባሽ አትበሉኝ፤ ጋራዥ የሚውሉትን ባለመኪናዎች ጠይቁ። ገባሁ። ቁልፉን አዞረ። ብጫ መብራት በራችና አልጠፋ አለች። እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ።

"ትነሳለች" አለኝ።

"ትነሳለች" አልኩት።